12 ኦም ሜትር ውሃ ነው ወይስ ሸክላ?

ከመልካ ጀብዱ የጻፉልን አንባቢ ለአትክልት ማሳቸው ጉድጓድ ለማስቆፈር አስበው በማሳው አንድ ቦታ ላይ የሬዚስቲቪቲ ጥናት፣ ማለትም መሬቱ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበትን መጠን በኦም ሜትር የሚለካ ጥናት፣ አስጠንተዋል። ወረቀቱ ከ45 እስከ 70 ሜትር ባለው ጥልቀት 12 ኦም ሜትር የሆነ ንብርብር ያሳያል፤ ያጠናላቸው ሰውም «እዚህ ውሃ ሞልቷል» ብሏቸዋል። ሪግ (የመቆፈሪያ ማሽን) ከማስገባታቸው በፊት የእኔን ሐሳብ የጠየቁ ሲሆን፣ የጎረቤታቸው ጉድጓድ ውሃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ (ጨው ሲበዛ የሚጨምር ነው) ተለክቶ 1,000 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር መገኘቱንም ጽፈዋል።

ይህች የመጨረሻዋ ቁጥር ሥራዬን አቅልላልኛለች። መሣሪያው የሚለካው መሬቱ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም እንጂ ውሃን አይደለም። ውሃ ያዘለ አሸዋ ንባቡን ዝቅ ያደርገዋል፤ ሸክላ አፈር ግን ለጉድጓድ የሚሆን ውሃ ሳይሰጥ ከአሸዋው ይበልጥ ሊያወርደው ይችላል። የጎረቤትዎ ውሃ ወደ ሬዚስቲቪቲ ሲመነዘር 10 ኦም ሜትር ይሆናል። ይኸው ውሃ ንጹሕ አሸዋ ውስጥ ሲገኝ፣ የአሸዋው ቅንጣት ራሱ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ፣ ንብርብሩ ከውሃው አራት ወይም አምስት እጥፍ ያህል፣ ማለትም 40 ወይም 50 ኦም ሜትር ገደማ ማሳየት ነበረበት። 12 ድረስ ሊወርድ የሚችለው ውሃው ከ3,300 ማይክሮሲመንስ በላይ ጨዋማ ከሆነ ወይም ንብርብሩ ሸክላ ከሆነ ነው፤ እኔ ወደ ሸክላው አደላለሁ። ጀማሪ ሳለሁ 9 ኦም ሜትር አይቼ «ቆፍሩ» ብዬ ነበር፤ ሪጉ ያወጣው መዳፍ ላይ የሚጣበቅ ጭቃ ብቻ ሆነ።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥልቀቱ ነው። በወረቀቱ መሠረት ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያስገቡት የዳር ችካሎች ከመሃል ወደ ግራና ቀኝ የራቁት 100 ሜትር ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ዝርጋታ በእርግጠኝነት ሊነገር የሚችለው 50 ሜትር ገደማ ስላለው ነው፤ በዚያም ላይ 10 ሜትር ውፍረት ያለው ባለ 5 ኦም ሜትር ንብርብርና 20 ሜትር ውፍረት ያለው ባለ 10 ኦም ሜትር ንብርብር በኩርባው (ችካሎቹ ሲራቁ ንባቡ እንዴት እንደሚለወጥ በሚያሳየው መስመር) ላይ አንድ ዓይነት ሊመስሉ ስለሚችሉ፣ «እስከ 70» የሚለውን እንደ ግምት ይውሰዱት። የእኔን ትኩረት የሳቡት ግን ችካሎቹ ከመሃል 80 እና 100 ሜትር ርቀው ሳለ የተነበቡት ሁለት ነጥቦች ናቸው፤ ኩርባው እዚያ ሽቅብ መዞር ጀምሯል፣ ከሸክላው ሥር ጠጠር ወይም አለት አለ ማለት ነው።

ስለዚህ ጥናቱ ይደገም፤ ችካሎቹም ወደ እያንዳንዱ ዳር እስከ 300 ሜትር ይራቁ። የመጀመሪያው ልኬት ሲቆፈር የወጣው አፈርና ድንጋይ በሜትር ተመዝግቦ ከሆነ በጎረቤትዎ ጉድጓድ አጠገብ ይደረግ፤ ቀጥሎ በእርስዎ ማሳ ላይ ሁለት ልኬት፣ አንደኛው መስመር ሌላኛውን የሚያቋርጥ ሆኖ። ከሽቦ አጥር፣ ከተቀበረ የብረት ቧንቧና ከሐዲድ ይራቁ። አሸዋው ሲደርቅ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ በየችካሉ ሥር ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ይፍሰስ፣ እያንዳንዱም ንባብ ይደጋገም።

ከሸክላው ሥር ያለው ቁጥር ጎረቤትዎ ውሃ ካገኙበት ንብርብር ጋር ከተቀራረበ ያስቆፍሩ፤ ሺህዎችን ከተሻገረ ደረቅ አለት ሊሆን ስለሚችል ቦታ ይለውጡ። እስከዚያ ድረስ ለሪጉ ቀብድ አይክፈሉ።