የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ተማሪዎቼን ይዤ አዲስ አበባ ለመሄድ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ነኝ። በሰመር ወደ 15 የሚሆኑ ተማሪዎች ይዤ ለ3 ሳምንት ኢትዮጵያ ሄጄ ባለ3 ክሬዲት ኮርስ ማስተማር አስቤያለሁ። አገሩን አውቀዋለሁ፤ ዘመዶቼም ማረፊያና መኪና እናዘጋጅልሃለን ብለውኛል። ፕሮፖዛሉ ውስጥ ምን ምን መግባት አለበት? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ከዘመዶችዎ እንጀምር፤ እንዲህ ያለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው። ተማሪ በከፈለው ገንዘብ የአጎትዎ ልጅ ሚኒባስ ሲከራይ፣ ለእርስዎ ቸርነት የሆነው ነገር ለዩኒቨርሲቲው የጥቅም ግጭት ነው። ይህ ማለት ግን ይከለከላል ማለት አይደለም። ዝምድናውን አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ፕሮፎርማ ያምጡ፣ ምርጫውን ለግዥ ክፍሉ ይተዉ።

ቀጥሎ ፊርማ። መምህር በዩኒቨርሲቲው ስም ውል የመፈረም ሥልጣን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። «ክፍሎቹ እንዳያመልጡን» ብለው ከሆቴል ጋር ቢፈራረሙ ወይም ቀብድ ቢልኩ፣ ጉዞው የተሰረዘ ዕለት ዕዳው በግልዎ ይቀራል። ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚፈረም የመግባቢያ ሰነድም እንዲሁ ነው፤ በሁለቱም ወገን የሕግ ክፍል ማለፍ ስላለበት ወራት ይፈጃል። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ውስጥ ሦስት ንግግር ለማስደረግ ግን የመጋበዣ ደብዳቤ ይበቃል፤ ሰነድ ካልተፈራረምን ብለው አንድ ዓመት አያባክኑ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ፕሮፖዛሉ ከጉዞው ከ12 እስከ 18 ወር ቀድሞ መግባት አለበት። መጀመሪያ የትምህርት ክፍል ኃላፊው፣ ከዚያ ዲኑ፣ ከዚያ የስተዲ አብሮድ ቢሮው ያየዋል። ኃላፊውን የሚያሳስበው እርስዎ በሌሉበት ክፍልዎን ማን እንደሚያስተምር ነው፤ መልሱን ይዘው ይግቡ። የጉዞ ቀን ሲመርጡ ደግሞ የአሜሪካው ሰመር የእኛ ክረምት መሆኑን አይርሱ። ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን መጀመሪያ ከሄዱ ከባዱ ዝናብ ሳይደርስ ይመለሳሉ።

በሲለበሱ፣ ማለትም በኮርሱ ዝርዝር ዕቅድ፣ ላይ ሰዓት ይቆጠራል። 1 ክሬዲት በተለምዶ 15 የክፍል ሰዓት ነው፤ ለ3 ክሬዲት 45 ይሆናል። ከ21 ቀን ለመንገድና ለዕረፍት 6 ቀን ቢወጣ በቀረው 15 ቀን በየቀኑ 3 ሰዓት ማስተማር ይጠበቅብዎታል። «ሙዚየም ጉብኝት፣ 4 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ግን አያስኬድም። ከጉብኝቱ በፊት ምን ይነበባል፣ እዚያ ምን ይሠራል፣ በኋላ ምን ተጽፎ ይገባል የሚለው ካልታየ ኮሚቴው ሽርሽር ነው ብሎ ይመልሰዋል።

አሁን ወደ በጀቱ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ወጪውን ለሁለት ይክፈሉት፤ የተማሪው ቁጥር ቢጨምርም ባይጨምርም የማይለወጥና በነፍስ ወከፍ የሚጨምር። ለምሳሌ የሁለት መሪዎች ትኬት፣ አልጋና ምግብ 10,000 ዶላር፣ ኮስተር ከነሹፌሩ 4,200፣ የተጋባዥ መምህራን አበልና አዳራሽ 1,800 ቢሆን የማይለወጠው 16,000 ነው። በነፍስ ወከፍ የሚወጣው፣ ከተማሪዎቹ ትኬት ውጭ፣ 2,100 ይሁን። 16 ተማሪ ከመጣ የእያንዳንዱ ድርሻ 3,100 ዶላር፣ 10 ብቻ ከመጣ 3,700 ይሆናል። በ16 አስልተው 3,100 ብለው ካስተዋወቁ በኋላ 10 ቢመዘገቡ 6,000 ዶላር ይጎድላል። ስለዚህ ዋጋውን በዝቅተኛው ቁጥር ይተምኑ፤ ከዚያ በታች ከሆነ የሚሰረዝበትን ቀንም ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ይቁረጡ። ሁለተኛው መሪ ቅንጦት አይደለም። አንዱ ተማሪ ይዞ ሆስፒታል ቢያድር የቀሩትን 14 ማን ይጠብቃል?

መጠባበቂያም ከ5 እስከ 10 በመቶ ይያዙ። የብር ምንዛሪ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከዓመት በፊት በብር የተሰጠ ዋጋ ጉዞው ሲደርስ እንዳለ ይቆያል ብሎ መተማመን አይቻልም። በዶላር የተጻፈና የሚያበቃበት ቀን ያለው ፕሮፎርማ ይጠይቁ።

የመጨረሻው ማነቆ ጸጥታ ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አገሮችን ከ1 እስከ 4 ባለው የጉዞ ማሳሰቢያ ደረጃ ይመድባል፤ 4 «አትሂዱ» ማለት ነው። ኢትዮጵያ በአጠቃላይ በደረጃ 3 የቆየችባቸው ዓመታት አሉ፤ «አትሂዱ» የተባለባቸው ክልሎችም አሉ። ደረጃ 3 ላይ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። ጎንደርንና ላሊበላን በፕሮግራሙ ውስጥ ከመክተትዎ በፊት የዕለቱን ማሳሰቢያ በየክልሉ ያንብቡ። የአማርኛ ተናጋሪነትዎና የአገር ልጅነትዎ ኮሚቴው ፊት እንደ ጸጥታ ዕቅድ አይቆጠርም። የሚፈለገው የሆስፒታል ስም፣ ታማሚን ወደ ሌላ አገር ማጓጓዝን የሚሸፍን ኢንሹራንስ፣ መንገድ ቢዘጋ የሚተካ ከተማ ነው።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ አብዛኞቹ በብድር የሚማሩ ናቸው። ለሰመሩ ጉዞ ብድር ያገኛሉ? (ከዳላስ)

መልስ፦ ኮርሱ ባለ3 ክሬዲት ብቻ ከሆነ አስቸጋሪ ነው። የፌዴራል ብድር ቢያንስ የግማሽ ጊዜ ምዝገባ ይጠይቃል፤ ለባችለር ተማሪ በተለምዶ 6 ክሬዲት ማለት ነው። መፍትሔው ከጉዞው በፊት ወይም በኋላ በዚያው ተርም በኦንላይን የሚወሰድ ሌላ ባለ3 ክሬዲት ኮርስ ማጣመር ነው። ፔል የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል ድጎማ ግን ከዚያ ባነሰ ምዝገባም ተመጣጥኖ ሊሰጥ ይችላል። ፔል ለሚያገኙ አሜሪካውያን የባችለር ተማሪዎች እስከ 5,000 ዶላር የሚሰጠው የጊልማን ስኮላርሺፕም አለ፤ የአገሩ የጉዞ ማሳሰቢያ ደረጃ ብቁነትን ስለሚነካ ግን ገና ሳይገኝ በበጀት አይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ በረዳት መሪነት ልሄድ ነው። እዚያ ከደረስን በኋላ ምን ይበላሻል? (ከሲያትል)

መልስ፦ ሰዓቱ። ሹፌሩ «2 ሰዓት እመጣለሁ» ሲል ጠዋት 8 ኤ.ኤም. ማለቱ ነው፤ ተማሪው ደግሞ ምሳ በልቶ ይጠብቃል። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጻፉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የመጀመሪያውን ቀን ቀለል ያድርጉት። ከተማዋ ውስጥ ወባ የለም፤ ወደ ሐዋሳ ወይም አርባ ምንጭ ሲወረድ ግን አለ፤ መድኃኒቱ ደግሞ ከመውረድ በፊት የሚጀመር ስለሆነ ሐኪም ዘንድ የሚኬደው ገና አሜሪካ እያሉ ነው። ድሮን የሚያመጣ ተማሪ ካለ፣ ያለ ፈቃድ ኤርፖርት ላይ እንደሚያዝበት አስቀድመው ይንገሩት።

ደረሰኝም አለ። በእጅ የተጻፈ ከሆነ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። ግንቦት 12 ቀን 2019 በ12/9/2019 ሲጻፍ፣ አሜሪካ ያለው ሒሳብ ሠራተኛ የዲሴምበር 9 ቀን 2019 ወጪ ነው ብሎ ይጥለዋል። እዚያው ቆመው ከጎኑ «ሜይ 20፣ 2027» ብለው ይጻፉበት፣ የተገዛውን በእንግሊዝኛ በአንድ መስመር ያስፍሩ፣ በስልክም ፎቶ ያንሱት።