«ገባኝ» የሚሉኝ ተማሪዎቼ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ወጣት ስሆን፣ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ጡረታ ለወጡ ሰዎች በሳምንት ሁለት ቀን የስልክ አጠቃቀም አስተምራለሁ። ብዙዎቹ በእናቴና በአያቴ ዕድሜ ያሉ ናቸው። አስረድቼ ስጨርስ «ገባችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ሁሉም «ገባን ልጄ» ይሉኛል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን እንደገና ከ«ሀ» እንጀምራለን። ሲሳሳቱ ማረም ድፍረት ስለሚመስለኝ ስልኩን ተቀብዬ ራሴ አስተካክልላቸዋለሁ። አንድ ጡረተኛ መምህር ደግሞ በየመሀሉ እያቋረጡ ያርሙኛል። ከፒያሳ ተነሥተው ከተማው ዳር የገቡት በሁለት ታክሲ ስለሚመጡ ያረፍዳሉ። ምን ባደርግ ይሻላል?

አስተማሪው፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ የችግርዎ ሥር «ስልኩን ተቀብዬ» ያሉት ላይ ነው። እኔም ይህን ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን፣ አንድ አዛውንት ለልጃቸው ገንዘብ መላክ ሲያቅታቸው አይቼ፣ አክብሮት መስሎኝ ስልካቸውን ተቀበልኩና የሚስጥር ቁጥራቸውን ሳይቀር እየነገሩኝ ላክሁላቸው። መረቁኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከወር በኋላ ስሰማ ግን ስልካቸውንና ቁጥራቸውን በሰፈራቸው ሱቅ ለሚያገኙት ወጣት ሁሉ መስጠት ለምደው ነበር። ያን ቀን ያስተማርኳቸው ይህንኑ ነበርና በእሳቸው መፍረድ አልቻልኩም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ ቦርሳም ሆኗል፤ የሰው ቦርሳ ከፍቶ መቁጠርን ማንም አክብሮት አይለውም። ስለዚህ በማስተማሪያ ሰዓትዎ እጅዎን ወደ ኋላ ያጣምሩ። ተማሪዎ ሦስት ጊዜ ቢሳሳቱም ስልኩ ከእጃቸው አይውጣ።

«ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ቢተዉት ደስ ይለኛል። በእኛ አገር ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የመረዳት ማረጋገጫ ሳይሆን የጨዋነት ምላሽ ነው፤ «አልገባኝም» ማለት ላቡን ጠብ አድርጎ ያስረዳቸውን ልጅ ማሳጣት ይመስላቸዋል። በምትኩ «እስቲ እኔ እንደሌለሁ ሆነው ያሳዩኝ» ይበሏቸው። የት ላይ እንደተደናቀፉ ወዲያው ያያሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚደናቀፉት እርስዎ ከጠረጠሩት ቦታ አይደለም። የዕድሜ ባለጸጋ ጣት ብዙውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ስልኩ ንክኪውን በደንብ አይለየውም፤ እሳቸውም «አልሰማም አለ» ብለው ጫን አድርገው ያቆዩታል፤ ስልኩ ይህን እንደ ሌላ ትእዛዝ ይቆጥርና ያልጠየቁትን ዝርዝር ያወጣባቸዋል። ይኼኔ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። አንዲት እናት «የጋለ ምጣድ እንደሚነኩት ነካ አድርገው ይልቀቁት» በተባሉ ጊዜ ወዲያው ሲዋጣላቸው አይቻለሁ። በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ «ተደራሽነት» በሚለው ክፍል ገብቶ፣ ስልኩ ንክኪን እንደ ረጅም ተጭኖ ማቆየት ከመቁጠሩ በፊት የሚታገሠውን ጊዜ ማርዘም እንደሚቻልም አይዘንጉ። ፊደሉንም በዚያው ያጉሉላቸው።

ስለ ድምፅዎ ምንም ባይጠይቁኝም ሳልነግርዎ አላልፍም። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ድካም የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች በመሆኑ እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉት ቀድመው ይደበዝዛሉ። መጮኽ አናባቢውን ብቻ ስለሚያጎላ እምብዛም አይረዳም፤ ተማሪውንም የተቆጡት ያስመስላል። ፊትዎን ወደ እነሱ አዙረው፣ ከወትሮው ትንሽ ቀስ ብለው ይናገሩ፤ ወደ ሰሌዳው ዞረው እየጻፉ አያስረዱ። መስኮቱ ወደ አስፋልት የሚከፈት ከሆነ የታክሲ ረዳቱ ጥሪ ከእርስዎ ድምፅ ይበረታልና በትምህርት ሰዓት ይዘጋ።

ጡረተኛውን መምህር በተመለከተ፣ እንደ ተቀናቃኝ ባያዩዋቸው መልካም ነው። ዕድሜ ልካቸውን ከሰሌዳ ፊት የቆሙ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጠው ዝም ይበሉ ማለት ከባድ ፍርድ ነው። በፈረንጆች 1973 በፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ «የሦስተኛው ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ» የሚባል ተቋም ተመሥርቶ ነበር። ሐሳቡ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ብሪታንያ ሲሻገር ተቀጣሪ መምህር የሌለው፣ አባላቱ የሚያውቁትን እርስ በርስ የሚማማሩበት ማኅበር ሆነ። የእርስዎን ክፍል እንዲያ ያድርጉት ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን እኚህን ሰው ከትምህርቱ በፊት ለብቻቸው ቀርበው «ጋሼ፣ የኋለኛውን ረድፍ ይያዙልኝ» ቢሏቸው እርማታቸው ወደ እርዳታ ይለወጣል። ተማሪዎቹም ለዕድሜ እኩያቸው «አልገባኝም» ለማለት ያን ያህል አይሸማቀቁም።

ማርፈዱን በቁጣ አይፈቱትም። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ቤታቸው ፈርሶ የተነሡ ሰዎች ሁለት ታክሲ ተሳፍረው ወደ ቀድሞ ሰፈራቸው ሲመለሱ የሚያመጣቸው ስልኩ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ጎረቤቶቻቸውን የሚያገኙት እዚያ ነው። የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ያለፈውን ሳምንት ለመለማመድ ያውሉት፤ ያረፈደው አዲስ ነገር አያመልጠውም፣ ቀድሞ የመጣውም ልምምዱ ይጠቅመዋል። የትምህርት ቀናትዎን መምረጥ ከቻሉ ረቡዕንና ዓርብን ይተዉ። የሚጾሙት ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ ይደክማሉ፤ የዓርብ ቀትር ደግሞ የጁምዓ ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የ63 ዓመት መምህርት ነኝ። በ1971 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተማሪ ሆኜ ገጠር ሄጄ አስተምሬአለሁ። አሁን የሰፈሬ እናቶች ፊደል አስቆጥሪን ብለውኛል። ያኔ እንዳደረግሁት ገበታውን ከሀ እስከ ፐ ባስቆጥር ይሆናል?

መምህርቷ፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ ገበታው ከግድግዳው አይውረድ፤ የትምህርቱ መጀመሪያ ግን አይሁን። 33 ረድፍ በሰባት ሲባዛ 231 ፊደል ይሆናል፤ ያንን ሁሉ በዜማ የሸመደደ ሰው ብዙ ጊዜ አንዷን ፊደል ከመካከል ነጥለው ቢያሳዩት ከ«ሀ» ጀምሮ እየቆጠረ ካልሆነ በቀር አይደርስባትም። እያንዳንዷ እናት በራሷ ስም ትጀምር፤ ከዚያ የልጆቿ ስም፣ ከዚያ በየዕለቱ የምትሳፈርበት ታክሲ ላይ የተጻፈው የሰፈር ስም ይከተል። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» አንድ ዓይነት ድምፅ ይዘው ሦስት የሆኑበትን ምክንያት ካልጠየቁዎት ለጊዜው አያንሡት። እናቶቹን ይበልጥ የሚያስቸግራቸው የዓይን ነገር ነው፤ የ«ሉ» ቅጥያ ከመሀል፣ የ«ሊ» ቅጥያ ከግርጌ የምትወጣ ቅንጣት በመሆኗ በትንሽ ጽሑፍና በደብዛዛ ብርሃን ሁለቱ አይለዩም። ከገበያ የተገዛውን ገበታ ትተው በነጭ ወረቀት ላይ በወፍራም ጥቁር ቀለም በእጅዎ ይጻፉላቸው፤ በክረምትም መብራት ቢጠፋ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ያስጠጉ። «ደነዘዝኩ፣ አይገባኝም» የምትል እናት ብትገጥምዎ ከመጽሐፉ በፊት መነጽር እንዳላት ይጠይቋት።