ጄንዌይ ገዳይ ናት አይደለችም እያላችሁ ለምትጨቃጨቁት ልጆች

ልጆች፣ ሰላም ናችሁ? እኔ ዕድሜዬን የሰው ስክሪፕት ሳርም የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ ስራዬ ባጭሩ ቁጭ ብሎ "ይሄ ሰውዬ ይሄን ለምን አደረገ?" እያሉ ደራሲ መነዝነዝ ነበር። ሳይንስ ፊክሽን አይታችሁ ስለ ካራክተሮቹ፣ በተለይ የስታር ትሬክ ቮየጀሯ የመርከብ ካፒቴን ጄንዌይ ሰው ገደለች አልገደለችም ብላችሁ ስትከራከሩ ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ብዙዎቻችሁ ሳትወለዱ የተሰራ ኤፒሶድ ላይ እንደ ትናንት ወሬ መጣላት ቀላል ፍቅር አይደለም። ግን አንድ ነገር ሁሌ ያናድደኛል። ካራክተሯ ያደረገችው ልክ ነው ወይ ሚለውና ካራክተሯ በደንብ ተስላለች ወይ ሚለው ሁለት ጥያቄ ነው፣ እናንተ ግን አንድ ላይ ትጨፈልቁትና የመጀመሪያው ስላናደዳችሁ ብቻ ሁለተኛውንም "አበላሿት በቃ" ብላችሁ ትዘጉታላችሁ።

ቱቪክስ የሚባለውን ኤፒሶድ እንውሰድ፣ መቼም ከሱ በላይ ያጣላችሁ የለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የስታር ትሬክ ቮየጀር ኤፒሶድ ነው፣ ስለዚህ ስፖይለር አወጣህብን እንዳትሉኝ። ቱቮክና ኒሊክስ የሚባሉ ሁለት የጠፈር መርከቡ ሰዎች ተክል ሰብስበው ወደ መርከቡ ሲመለሱ ትራንስፖርተሩ (ሰውን በቅጽበት ከቦታ ቦታ የሚያሻግረው ማሽን) ሁለቱንም ከተክሉ ጋር ቀላቅሎ አንድ ሰው አድርጎ ያወጣቸዋል። ሰውየው ቱቪክስ ተባለ፣ የሁለቱም ትዝታ አለው፣ ስራ ይችላል፣ ምግብ ያበስላል፣ ያስቃል፣ ሰው ይለምደዋል፣ ሳምንታት ያልፋሉ። ከዛ ዶክተሩ ሁለቱን የሚለይበት ዘዴ ሲያገኝ ቱቪክስ እኔ መሞት አልፈልግም ይላል። ካፒቴን ጄንዌይ ይለዩ ብላ ትወስናለች። ዶክተሩ (እሱ እንኳን ሆሎግራም ነው፣ ኮምፒውተር በብርሃን የሰራው ምስል እንጂ ሰው አይደለም) ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ላይ እጄን አላነሳም ሲላት መሳሪያውን ራሷ ታስነሳዋለች።

ግማሻችሁ ገዳይ ናት ትላላችሁ፣ ግማሻችሁ ሁለት ሰው አዳነች ትላላችሁ፣ ተከራከሩ፣ እሱ ላይ ችግር የለብኝም። እኔ ራሴ ብትጠይቁኝ ያንን መሳሪያ አልነካም ነበር። ግን እንደ ስክሪፕት አራሚ ሳየው ኤፒሶዱ በጣም ጎበዝ ነው፣ ለምን መሰላችሁ፣ ደራሲ ሲጨንቀው የሚያመልጥባቸው በሮች አሉ፣ እና ይሄ ኤፒሶድ አንድ በአንድ ዘግቷቸዋል። ቱቪክስ የሚሞትበት በሽታ አለበት ቢባል ኖሮ ሁላችንም እፎይ እንል ነበር፣ አላሉም። መጨረሻ ላይ ክፉ ሆኖ ተገኘ ቢባል፣ አላሉም። ራሱን በፈቃዱ መስዋዕት አደረገ ቢባል አልቅሰን ቲቪውን እንዘጋ ነበር፣ እሱንም አላደረጉትም፣ ይልቁንስ መርከቡ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ እየዞረ አንድ ሰው እንኳን ይናገርልኝ ብሎ ሲለምን ሁሉም ዝም ሲሉ አሳዩን። ሁለቱ ተመልሰው ሲመጡም ጄንዌይ ፈንጠዝያ ውስጥ አልገባችም፣ ከክፍሉ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ስትሄድ የአክተሯን የኬት ማልግሩን ፊት ነው ምናየው፣ አለቀ። ደራሲዎቹ "ጀግና ናት አጨብጭቡላት" ሊሉ ቢፈልጉ እንደዛ አይጨርሱትም ነበር። ስለዚህ ሌላ ጊዜ አንድ ካራክተር ሲያናድዳችሁ መጀመሪያ ምን ምን በር ክፍት ነበር፣ የቱን ዘጉት ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ንዴታችሁ ራሱ የታሰበበት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ይሄን ስል ቮየጀርን ነጻ እያወጣሁ አይደለም። እውነተኛው የአሳሳል ችግር ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ ቀጣዩ ኤፒሶድ ላይ። እዛ ጋ ቱቪክስ የሚባል ሰው እንዳልነበረ ነው ሁሉ ሚቀጥለው። ያን ጊዜ እንዲህ አይነት ሲሪስ በየሳምንቱ ለብቻው ተጀምሮ ለብቻው እንዲያልቅ ነበር የሚሰራው፣ አንድ ሳምንት ያመለጠው ሰው እንዳይጠፋበት፣ በድጋሚ ሲተላለፍም ቅደም ተከተሉ ቢዛባ ችግር እንዳይሆን። ምክንያቱ ይገባኛል ግን ዋጋው ከባድ ነው፣ እንደዛ አይነት ውሳኔ የወሰነች ሴት ጠባሳው ካልታየባት ትዕይንቱ የቱንም ያህል ቢያምር ካራክተሯ ትሳሳለች። ጄንዌይ ላይ ቅሬታ ካላችሁ እዚህ ጋ አንሱት፣ ጠንካራ ነጥብ ነው፣ እኔም አብሬያችሁ እጮሃለሁ። (በ2023 ሎወር ዴክስ የሚባለው የስታር ትሬክ አኒሜሽን ነገሩን አንስቶ ቀልዶበታል፣ ከስንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።)

ሌላው "ደራሲው" ምትሉት ሰውዬ ነው። እናንተ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ካራክተሩን የፈጠረው ይመስላችኋል፣ የቲቪ ስራ እንደዛ አይደለም። በድሮው ስታር ትሬክ በ1967 የተላለፈው ዘ ሲቲ ኦን ዘ ኤጅ ኦፍ ፎርኤቨር የሚባለው ኤፒሶድ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሃርላን ኤሊሰን የጻፈው ስክሪፕት በሌሎች እጅ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል፣ ሰውዬውም ለአስርት ዓመታት ሲቆጣ ኖሯል። የተላለፈው ላይ ካፒቴን ከርክ የሚወዳት ኢዲት ኪለር ከመኪና አደጋ እንዳትተርፍ ብሎ፣ ሊያድናት የሚሮጠውን ጓደኛውን ዶክተር ማኮይን ራሱ ይይዘዋል፣ ምክንያቱም እሷ ከተረፈች ታሪክ ይቀየርና ናዚዎች ጦርነቱን ያሸንፋሉ። ኤሊሰን መጀመሪያ የጻፈው ላይ ግን ከርክ ያቅተዋል፣ ቆራጡ ምክትሉ ስፖክ ነው። እስቲ አስቡት፣ አንድ ታሪክ፣ አንድ ሰው፣ ግን አንደኛው ከርክ ግዴታውን ከፍቅሩ ያስቀደመ መሪ ነው፣ ሌላኛው ፍቅር ያሸነፈው ሰው ነው። የሚገርመው ሁለቱም ተሸለሙ፣ የኤሊሰን የራሱ ስክሪፕት የደራሲዎች ማህበሩን ሽልማት አገኘ፣ የተላለፈው ደግሞ በ1968 ሁጎ የሚባለውን የሳይንስ ፊክሽን ሽልማት። ታዲያ እውነተኛው ከርክ የቱ ነው ብላችሁ ብትጣሉ ማን ሊዳኛችሁ ነው? እኔ ለካፒቴን የተላለፈው ይሻላል ባይ ነኝ፣ ለሰው ግን የኤሊሰኑ።

ከዚሁ ጋር አክተሩን ተዉት። እባካችሁ። ኔክስት ጀነሬሽን የሚባለው ሌላው የስታር ትሬክ ሲሪስ በ1987 ሲጀምር ዌስሊ የሚባለውን ልጅ የተጫወተው ዊል ዊተን ገና ልጅ ነበር፣ የካራክተሩን ስም እንኳን ከስታር ትሬክ ፈጣሪ ከጂን ሮደንበሪ መካከለኛ ስም ነው የወሰዱት። ደራሲዎቹ አዋቂዎቹ መላ ሲያጡ ልጁ መርከቡን እንዲያድን አድርገው ደጋግመው ጻፉት፣ ተመልካቹ ጠላው፣ ጥላቻው ግን ያረፈው ልጁ ላይ ነው። አክተር የተሰጠውን ነው የሚጫወተው፣ ያልተጻፈለትን ከየት ያምጣው።

ግን አክተር የራሱን የሚጨምርበት ቦታም አለ፣ እሱን ለማየት ዓይናችሁን አሰልጥኑ። ዘ ሜዠር ኦፍ ኤ ማን (1989) የሚባለው የኔክስት ጀነሬሽን ኤፒሶድ፣ ጠበቃ በነበረችው ሜሊንዳ ስኖድግራስ የተጻፈው፣ ዳታ የሚባለው ሮቦት ሰው ነው ወይስ ዕቃ ተብሎ ፍርድ ቤት የሚቀርብበት። የመርከቡ ምክትል አዛዥ ራይከር ጓደኛው ሆኖ ሳለ በግድ ከሳሽ ይሆናል። ለክርክሩ ሲዘጋጅ የዳታን ንድፍ እያየ አንድ ነገር ያገኝና ፈገግ ይላል፣ ማሸነፊያ አገኘ ማለት ነው፣ ከዛ ያገኘው ነገር ምን እንደሚያደርግ ሲገባው ፈገግታው እዛው ፊቱ ላይ ይሞታል። አንድ ቃል አልተናገረም። ራይከርን የሚጫወተው ጆናታን ፍሬክስ በዛች ቅጽበት የሰራውን ሁለት ገጽ ንግግር አይሰራውም። እናንተ ግን ስለ ኤፒሶዱ ስትከራከሩ የምትጠቅሱት የካፒቴን ፒካርድን ንግግር ብቻ ነው፣ ንግግሩ አሪፍ አይደለም እያልኩ አይደለም፣ ግን ቃል ብቻ እየሰማችሁ ከሆነ ግማሹን ነው ያያችሁት።

ካራክተሩ ስንት መስመር ተናገረ ብላችሁ እየቆጠራችሁ ለምትፈርዱትም ይሄን ልበል። የድሮው ስታር ትሬክ ላይ የመርከቡ የመገናኛ መኮንን ኡሁራ ብዙ ንግግር አልነበራትም፣ እሷን የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስ ራሷ ስለተከፋች ከመጀመሪያው ሲዝን በኋላ ልትለቅ ነበር፣ እንደነገረችን ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው እንዳትለቂ ያላት። በኋላ በ1992 ወደ ጠፈር የወጣችው የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ሜይ ጀሚሰን ያነሳሳችኝ ኡሁራ ናት ብላለች፣ በ1993 ደግሞ ጀሚሰን ራሷ ኔክስት ጀነሬሽን ላይ ትንሽ ቦታ ተሰጥቷት ተጫውታለች። እንግዲህ ሚናው አንሷል የሚለው ቅሬታ ልክ ነበር፣ ካራክተሯ ትልቅ ነገር ሰርታለች የሚለውም ልክ ነበር፣ አንዱን ይዛችሁ ሌላውን መጣል የለባችሁም።

ቱቪክስን ደግማችሁ ካያችሁ ደግሞ የኒሊክስ ፍቅረኛ ኬስ ጄንዌይ ጋ ሄዳ የምታለቅስባትን ትዕይንት እንዳትዘልሏት። ክርክራችሁ ውስጥ ስሟ ሲነሳ ብዙም አልሰማም፣ ለኔ ግን ጄንዌይን ወደ ውሳኔው የገፋቻት እሷ ናት፣ ከዛች ትዕይንት በፊትና በኋላ ጄንዌይ ቱቪክስን እንዴት እንደምታየው አወዳድሩት። ካልተስማማችሁ ትዕይንቱን ጠቅሳችሁ ተከራከሩኝ፣ "ገዳይ ናት" ብቻ ብላችሁ ከመጣችሁ ግን አልመልስላችሁም።