ከሰኔ በኋላ ወንድምሽ የት ይውላል?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ወንድምሽ 19 ዓመቱ ነው፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። አራት ኪሎ አካባቢ በልዩ ፍላጎት ክፍል ስድስት ዓመት ተምሯል። አሁን ትምህርት ቤቱ "ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ከሰኔ በኋላ አንቀበለውም" ብሏችኋል። አባትሽ "በቃ ቤት ይዋል፣ የሰው መነጋገሪያ አይሁን" ይላሉ። አንቺ ደግሞ ስራሽን ለቅቀሽ ልትጠብቂው እያሰብሽ ነው።

አትልቀቂ። የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ያንቺ ደሞዝ ነው፤ እሱ ከቀረ ሁላችሁም ትወድቃላችሁ። አባትሽም ከፍቅር ነው የሚሉት፣ ግን ተሳስተዋል። ታክሲ መሳፈሩ፣ መልስ መቀበሉ፣ ሰው ሰላም ማለቱ ካልተሰራበት ይጠፋል።

አሜሪካ ያለችው አክስትሽ ያለችሽ እውነት ነው። እዚያ በልዩ ትምህርት እስከ 21 ዓመት ድረስ መማር ይቻላል። ዕድሜው ሲያልፍ ግን እዚያም መብቱ ያበቃል። እኔ የምወድላቸው ሌላ ነገር ነው፦ ልጁ 16 ሲሞላው ከትምህርት በኋላ ምን እንደሚሰራ በጽሑፍ እንዲታቀድ ህጉ ያዛል። ይህን እናንተም ማድረግ ትችላላችሁ። መምህሩ ብቻውን የሚሰራውን፣ በእርዳታ የሚሰራውንና የሚያስደነግጠውን በወረቀት ያስፍርልሽ። ሰኔን አትጠብቂ።

እንደ ቀላል ነገር ጽፈሽ ያለፍሽው ግን ያዘኝ። የእድር ድንኳን ሲተከል ሲኒ የሚያጥበው እሱ ነው። በስድስት በስድስት ይደረድራል፤ የተሸረፈውን ለብቻው ያወጣል። ይሄ እኮ ሙያ ነው! አባትሽ እዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ያዩታል። ያኔ ያላፈሩበትን ካፌ ውስጥ ለምን ያፍሩበታል?

እኔም ስራ የጀመርኩት ፒያሳ በአንድ ሆቴል እቃ ማጠቢያ ነው። ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስቶ ማየት የተማርኩት እዚያ ነው። ዲፕሎማዬ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ "ቴክኒክና ሙያ ይግባ ወይ?" ላልሽኝ፣ መጀመሪያ ስራውን ይልመድ እላለሁ።

የምታውቂው ካፌ ሂጂና ባለቤቱን አናግሪ። ግርግር በሌለበት ሰዓት፣ በየቀኑ ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ለሁለት ሳምንት ይሞከር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የቤተሰብ ሰው አብሮት ይቁም። የስራውን ቅደም ተከተል በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ አሳትመሽ ከማጠቢያው በላይ ለጥፊለት። ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ደሞዝ ይነገር። "እየተለማመደ ነው" እየተባለ ዓመት በነጻ እንዳይሰራ። ስትጠይቂም አንገትሽን አትድፊ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ቀጣሪ ለአካል ጉዳተኛ ሰራተኛ ሁኔታዎችን እንዲያመቻች ያዛል፤ የአእምሮ ጉዳትንም ያካትታል።

እናትሽ ጠበል የሚወስዱት ከሆነ ከስራ ሰዓቱ ውጪ ይሁን። የፋይዳ መታወቂያ ከሌለው ቶሎ ይውጣለት፤ በስሙ የባንክ ሂሳብ ለመክፈት ያስፈልጋል።

መምህሩ ወረቀቱን ሲሰጥሽ ላኪልኝ። የትኛውን ካፌ ቀድመሽ እንደምታናግሪ አብረን እናያለን።