«እናትሽን የበላሽ» እየተባልኩ አደግሁ

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት። እናቴ ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። አክስቴ «አስተምራታለሁ» ብላ ከገጠር አዲስ አበባ አመጣችኝ። አስተምራኛለችም። ግን ትምህርት ቤት የምሄደው ቤት ጠርጌ፣ ልጆቿን አልብሼ ነበር። የምጠራትም «እትዬ» ብዬ ነው። ዕቃ ከተሰበረ የምመታው እኔ ነኝ፤ «እናትሽን የበላሽ» ትለኝ ነበር። በቅርቡ ብርጭቆ ሰበርኩና ስብርባሪውን ከሽንኩርት ልጣጭ ሥር ደበቅኩት። ባሌ አግኝቶት ሳቀ። ሳለቅስ ሲያይ ግን ደነገጠ፤ «ምን አድርጌሽ ነው እንዲህ የምትፈሪኝ?» አለኝ። ትንሽ ከተናገረኝ ለቀናት እዘጋለሁ። አሁን ደግሞ አክስቴ ከደብረ ብርሃን ለሕክምና መጥታ እኛ ቤት ልትከርም ትፈልጋለች። ባሌ አይሆንም ብሏል። እምቢ ካልኳት ውለታ ቢስ አልሆንም?

መልስ፦ እህቴ፣ የአክስትሽን ነገር ትንሽ ላቆየው። መጀመሪያ ብርጭቆው።

ብርጭቆው የራስሽ ነው። ቤቱም የራስሽ ነው። የሚመታሽ የለም። ያም ሆኖ እጅሽ ቀድሞሽ ደበቀው። ይህ ሞኝነት አይደለም፤ በልጅነትሽ ከዱላ ያስጣለሽ ብልሃት ነው። ዱላ ባለበት ቤት የምታድግ ልጅ በር ሲከፈት ከድምፁ ብቻ የገባውን ሰው ስሜት ታውቃለች። ሰውነት ይህን የተማረው በምክር አይደለም። ስለዚህ «ባሌ እኮ ደግ ነው» ብለሽ ብትነግሪውም ቶሎ አይሰማሽም።

በእኛ በሥነ ልቦና ሙያ ጸጸትና እፍረት ይለያያሉ። ጸጸት «ጥፋት ሠራሁ» ይላል። እፍረት ግን «ጥፋቱ እኔው ነኝ» ይላል። የተጸጸተ ሰው ይቅርታ ጠይቆ፣ ያበላሸውን አስተካክሎ ይገላገላል። በራሱ ያፈረ ሰው ምኑን ያስተካክል? ይደበቃል፣ ይዘጋል፣ አንዳንዱም ይቆጣል። አንቺ ብርጭቆውንም ራስሽንም ደበቅሽ።

የኤደንብራው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮናልድ ፌርቤርን እ.ኤ.አ. በ1943 ስለተበደሉ ልጆች ጽፎ ነበር። ልጅ «አሳዳጊዎቼ ክፉ ናቸው» ከሚል «ክፉው እኔ ነኝ» ማለት ይቀለዋል ይላል። እነሱ ክፉ ከሆኑ መሄጃ የለም። ክፉዋ እኔ ከሆንኩ ግን ጎበዝ ብሆን ይወዱኛል የሚል ተስፋ ይቀራል። ያንን ስድብ ያመንሽው ለዚህ ይመስለኛል። የሰባት ዓመት ልጅ እናቷን አትበላም። ይህን አእምሮሽ እንደሚያውቅ አልጠራጠርም፤ ሆድሽ ግን ገና አላመነም።

ዶክተር ቪንሰንት ፌሊቲና ዶክተር ሮበርት አንዳ እ.ኤ.አ. በ1998 ከባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ ያሳተሙት ታዋቂ ጥናት አለ። የልጅነት መከራ በተደራረበ ቁጥር በአዋቂነት ድብርትም ሌላ ሕመምም ይበዛል። ይህ ግን የብዙ ሰዎች ስሌት እንጂ የአንቺ ዕጣ አይደለም። ከዚህ ጥናት ተወስዶ ኢንተርኔት ላይ የሚዞረውን «ነጥብሽን ቁጠሪ» የሚል የልጅነት መከራ መጠይቅ እኔ አልወደውም። በዘመድ ቤት እንደ ሠራተኛ ማደግን ጭራሽ አይጠይቅም።

ባልሽ ዝም ስትይ የሚያየው ኩርፊያ ነው። ስለዚህ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ድምፁ ከፍ ይላል፣ አንቺ የባሰ ትዘጊያለሽ። ደግነቱ «ምን አድርጌሽ ነው?» ብሏል። መልስ ስጪው። ሰላም በሆናችሁበት ቀን፣ ቡና ላይ ይሁን። ታሪኩን ሁሉ መዘርገፍ አይጠበቅብሽም። «ስዘጋ ተቀይሜህ አይደለም፤ የድሮው ፍርሃት መጥቶብኝ ነው። ግማሽ ሰዓት ስጠኝና እመለሳለሁ» በይው። ከዚያ የምርሽን ተመለሺ፤ ካልተመለሽ ዋጋ የለውም። ዕቃ ስትሰብሪም «ሰበርኩ» በይ። ይቅርታውን አሥር ጊዜ አትደጋግሚው።

እንቅልፍ ካጣሽ ወይም ሕይወት ካስጠላሽ ግን ይህን ምክር ይዘሽ አትቀመጪ፤ ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም አማክሪ። አማኑኤል ሆስፒታል በተመላላሽም ያክማል።

አሁን ወደ አክስትሽ። አሳድጋሻለች። በድላሻለችም። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። እኛ አገር ያሳደገ አይወቀስምና ይህን ጮክ ብሎ መናገር እንደሚከብድሽ ይገባኛል። ይቅርታ አስጠይቂያት አልልሽም። ብዙዎቹ ሲጠየቁ «መቼ?» ነው የሚሉት። ውለታዋን በሕክምናዋ መክፈል ትችያለሽ፤ ለዚያ ግን አንቺ ቤት ማደር የለባትም። (ለመሆኑ አንቺ ያለበስሻቸው ልጆቿ የት አሉ?) እነሱ ያሳድሯት፤ ካልሆነም አቅማችሁ ከፈቀደ ከሐኪም ቤቱ አጠገብ ክፍል ተከራዩላት። የግድ እናንተ ጋ ካረፈች የምትሄድበት ቀን ከባልሽ ጋር ቀድሞ ይቆረጥ። ልጅሽ ፊት ከሰደበችሽም ዝም አትበይ።

እምቢ ስትይ ደረትሽ ይጨነቃል። ያ የልጅነት ፍርሃት ነው፤ ጥፋት ሠርተሻል ማለት አይደለም። ስትደውዪላት ባልሽ አጠገብሽ ይቀመጥ። ንግግሩ ይጠር፦ «እትዬ፣ ማረፊያ አዘጋጅተንልዎታል። ሐኪም ቤት የምወስድዎት እኔ ነኝ።» ምክንያት አትደርድሪ። ብትቀየምም ለቀጠሮዋ በሰዓቱ ድረሺላት።