ቀይ መብራቱ እየበራ ውሃው የማይሞቀው ቦይለር

ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አዳማ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ 50 ሊትር ቦይለር፣ ውሃውን የሚያሞቀው ሪዚስታንስ 1500 ዋት፣ ከተገጠመ ሦስት ዓመቱ። ውሃ ሁለት ቀን ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ ቀይ መብራቱ ይበራል፣ ውሃው ግን እንደ ቀዘቀዘ ነው። የመጣው ሠራተኛ «ይሄ አልቆለታል፣ አዲስ ግዙ» ብሎ ሄደ።

እህቴ፣ ገና አትግዢ። ታንከሩ ራሱ ከውስጥ ዝጎ ማፍሰስ እስካልጀመረ ድረስ ቦይለር አለቀለት አይባልም። ሥራውን የሚሠሩት ዕቃዎች ሁለት ናቸው፣ ውሃው ሲሞቅ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው ቴርሞስታትና ሪዚስታንሱ፤ ሁለቱም ለየብቻ ይገዛሉ፣ ለየብቻ ይቀየራሉ። ባንቺ ቤት ደግሞ «ውሃ ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ» የምትለዋ ቃል ብዙ ትናገራለች፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ቦይለሩ ውሃ እንዳለበት እርግጠኛ ሁኚ። ኤሌክትሪኩን አጥፊና የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈቺ። እየተፋና እያፏጨ ከመጣ አየር አለበት፤ ሳያቋርጥ እኩል እስኪወርድ ክፍቱን ተዪው። ይህ ሳይሆን ማብሪያውን እንዳትነኪ።

ቀጥሎ ያቺን ቀይ መብራት እንጠይቃት። ቦይለሩ ደህና በነበረበት ጊዜ ውሃው ሲሞቅ ትጠፋ ነበር? ወይስ ማብሪያው ክፍት እስከሆነ ድረስ ሁልጊዜ ትበራ ነበር? ትጠፋ ከነበረ መብራቷ የተያያዘችው ከቴርሞስታቱ ወዲያ፣ ከሪዚስታንሱ ጎን ነው። እንዲያ ከሆነ አሁን ሳትጠፋ መቆየቷ ኤሌክትሪኩ ቴርሞስታቱን አልፎ ሪዚስታንሱ ጋ እንደደረሰ ያሳያል። ደርሶ ካላሞቀ ወይ ሪዚስታንሱ ተበጥሷል፣ ወይ እግሩ (ሽቦ የሚታሰርበት ጫፉ) ላይ ያለው ሽቦ ላልቷል። ሁልጊዜ ትበራ ከነበረ ግን የምትነግርሽ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ መምጣቱን ብቻ ነው፤ ጥፋቱ ቴርሞስታቱም ሪዚስታንሱም ሊሆን ይችላል። ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ የራሱ መብራት ካለው እሱም እንደዚሁ ነው፣ ከመጣው ኤሌክትሪክ በቀር ምንም አያውቅም።

ካቻቪቴ ከማንሳትሽ በፊት ቆጣሪውም ይረዳሻል። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ፊቱ ላይ ብልጭ የምትል ትንሽ መብራት አለች፤ አጠገቧ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል በቁጥር ተጽፏል። ፍሪጁንም ሁሉንም ነገር አጥፊና ቦይለሩን ብቻ አብሪ። የተጻፈው 1600 ከሆነ 1500 ዋት ሪዚስታንስ በደቂቃ ወደ 40 ብልጭታ ያሰጣል። ብልጭታው ካልመጣ ቦይለሩ ኤሌክትሪክ እየበላ አይደለም፣ መፍታት አለብሽ። ወደ 40 ከተጠጋ ግን ቦይለሩ እየሠራ ነው፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፣ ከታች እጠቅሰዋለሁ። ይህን ቁጥር ይዘሽ ሠራተኛ ብትጠሪ ማንም «አልቆለታል» ብሎ አይሸኝሽም።

ለመፍታት ብሬከሩን አውርጂ። የግድግዳው ማብሪያ አይበቃም፤ በስህተት ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውን ሽቦ ትቶ መመለሻውን (ኒውትራሉን) የሚቆርጥ ማብሪያ ያለበት ቤት አለ፣ ያኔ ማብሪያው ጠፍቶም ቦይለሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ። በቴስተር ስታረጋግጪም ቴስተሩን መጀመሪያ በሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክሪው፤ የሞተ ቴስተር ሁልጊዜ «የለም» ነው የሚለው።

የታችኛው ክዳን ከጥቂት ቡሎን ጋር ይወርዳል። ሽቦዎቹ የገቡበት የፕላስቲክ ዕቃ ቴርሞስታቱ ነው፤ ላዩ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለች፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ነጭ። በእስክሪብቶ ጫፍ ተጫኚያት። «ቀጭ» ካለች የሙቀት መከላከያው ቆርጦ ነበር ማለት ነው። ይህ መከላከያ ውሃው ወደ 85 ወይም 90 ዲግሪ ሲደርስ፣ ወይም ታንከሩ ባዶ ሆኖ ሲግል፣ ራሱን ይቆርጣል፤ በሰው እጅ ካልሆነ አይመለስም። ክዳኑን መልሰሽ አብሪና ተመልከቺ። 50 ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ በ1500 ዋት አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ነው። በሃያ ደቂቃ አልሞቀም ብለሽ አትፍቺው።

ቁልፏ በሁለትና በሦስት ቀን እንደገና ከዘለለች፣ ማለትም መከላከያው እንደገና ከቆረጠ፣ ምክንያት አለው። ከመቁረጡ በፊት ውሃው እጅ የሚልጥ ሆኖ ከነበረ የቴርሞስታቱ መቁረጫ ተጣብቋል፣ በተስተካከለለት ዲግሪ አያቆምም፤ ይቀየራል። ውሃው ለብ ብሎ ሳለ የሚቆርጥ ከሆነ ግን ውስጡ በደለል ወይም በነጭ ድንጋይ ተውጦ ሙቀቱ አንድ ቦታ እየታፈነ ሊሆን ይችላል፤ መክፈትና ማጠብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠንክር። ቁልፏ ስታስቸግር ቴርሞስታቱን ዘልለው ሽቦውን «ቀጥታ» የሚያደርጉ ሠራተኞች አሉ። ውሃው ይሞቃል፣ ሰውም ይደሰታል። ግን የሚያቆመው ነገር የለም፤ በተዘጋ ታንከር ውስጥ በግፊት ያለ ውሃ ድስት ውስጥ ከሚፈላው በላይ ይግላል፣ በእናንተና በፍንዳታው መካከል የቀረው ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቭ ብቻ ነው። ቤትሽ እንዲህ የተደረገ ቦይለር ካለ ዛሬውኑ አጥፊው። የቴርሞስታት ዋጋ ከዚያ ሁሉ አይበልጥም።

ቁልፏ ስትጫኛት «ቀጭ» ካላለች፣ ማለትም ካልዘለለች፣ ወደ ሪዚስታንሱ። ብሬከሩ እንደወረደ ሁለቱን ሽቦዎች ከእግሮቹ ላይ ንቀዪ። የሽቦው ጫፍ ጠቁሮ ፕላስቲኩ ቀልጦ ካገኘሽው ምናልባት ጥፋቱ ይኸው ነው፤ የላላ ማያያዣ ይግላል፣ ይቃጠላል፣ ኤሌክትሪኩም አያልፍም። ጫፉን ቆርጦ በአዲስ ማያያዣ ማጥበቅ ይበቃዋል። ደህና ከሆነ ዲጂታል ቴስተሩን 200 ኦም ላይ አድርገሽ ሁለቱን እግሮች ለኪ። 1500 ዋት ሪዚስታንስ 32 ኦም ግድም ይላል፣ 2000 ዋት 24፣ 1200 ዋት 40። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ 220ን በ220 አባዢና ለዋቱ አካፍዪ። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። ከዚያ ቴስተሩን ወደ ሜጋ ኦም አዙሪና ከአንዱ እግር ወደ ኧርዙ (የመሬት ሽቦው) ቡሎን ለኪ፤ እዚህ ምንም ቁጥር መምጣት የለበትም። ከመጣ የሪዚስታንሱ የብረት ቆዳ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበታል። 32 ኦም ቢያነብም አትመልሺው፤ ሰው ገላውን ሲታጠብ ቧንቧው የሚነዝረው በእንዲህ ያለ ሪዚስታንስና ኧርዝ በሌለው መስመር ነው።

አሁን ወደዚያች ቃል ልመለስ። ሪዚስታንሱ ውሃ ውስጥ ሆኖ ነው የሚኖረው፤ ሙቀቱን ውሃው ይወስድለታል። ውሃ ከሌለ ግን ወዲያው ይግምና ወይ ሽቦው ይቀልጣል፣ ወይ ቆዳው ይሰነጠቃል። ውሃ ጠፋ ማለት ቦይለሩ ባዶ ሆነ ማለት መሆን አልነበረበትም፤ ቀዝቃዛው ውሃ የሚገባበት ላይ የተገጠመው ሴፍቲ ቫልቭ የገባውን ውሃ ወደ ኋላ አያስመልስም። ቫልቩ ግን ደለል ከያዘው፣ ቀስቱ ወደ ቦይለሩ ሳይሆን ተገልብጦ ከታሰረ፣ ወይም ጨርሶ ካልተገጠመ ውሃው ይመለሳል። አንቺ ሦስተኛ ፎቅ ነሽ፤ መስመሩ ባዶ ሲሆን የቦይለርሽ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ታች ያለው ጎረቤት ባልዲ ውስጥ ይገባል። ለዚያ የሚያስፈልገው ከላይ አየር መግባቱ ብቻ ነው። ውሃ ሲመጣ ድምፁን እንስማ ብለን ቧንቧ ከፍተን የምንተወው ልማድ አለ አይደል? የተከፈተው የሙቁ ከሆነ አየሩን ያስገባው እሱ ነው። ማብሪያው በርቶ ከነበረ የቀረውን ታውቂዋለሽ።

ቫልቩን ለመፈተን፦ ኤሌክትሪኩን አጥፊ፣ ወደ ቤት የሚገባውን ዋናውን መዝጊያ ዝጊ፣ የወጥ ቤቱን ቀዝቃዛ ቧንቧ ክፈቺና መስመሩ ይንጠፍ። ከዚያ የሻወሩን ሙቅ ክፈቺ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ እንደገና ረጅም ጊዜ መውረድ ከጀመረ ውሃው ከቦይለሩ እየተመለሰ ነው፣ ቫልቩ ይቀየር። ስትገዢ የተጻፈበት ግፊት ቦይለሩ ላይ ከተጻፈው የማይበልጠውን ውሰጂ፣ በቴፍሎን እሰሪው፣ ቀስቱን ተመልከቺ። ይህ ካልተስተካከለ አዲሱ ሪዚስታንስም በሚቀጥለው የውሃ መጥፋት ይሄዳል፤ አዲስ ቦይለር ብትገዢም እንደዚሁ።

እግረ መንገዴን፦ ይኸው ቫልቭ ቦይለሩ በሚሞቅበት ሰዓት ቢንጠባጠብ ጤናው ነው። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ በሦስት ሩብ ሊትር ያህል ያብጣል፣ የሚወጣበት ያ ብቻ ነው። «ወለል ያረጥባል» ብሎ በቡሽ ወይም በቡሎን መድፈን ቴርሞስታት ከመዝለል አይተናነስም። ቀጭን ቱቦ አስገብተሽ ወደ ፍሳሹ አውርጂው። ቀን ከሌት ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ ወይ ቫልቩ ቆሽሿል፣ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል።

ሪዚስታንሱን ለመቀየር ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ዝጊ፣ የሙቁን ቧንቧ ለአየር ክፈቺ፣ የቫልቩን ምላስ አንሺና ውሃው ይውረድ። በቀስታ ነው የሚወርደው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሪዚስታንሱ የተተከለበትን ብረት (ፍላንጁን) የያዙትን ዳዶዎች አንዴ ፈትተሽ አትጨርሺ፤ ጥቂት ጥቂት አላሊ፣ ሥር ባልዲ አስቀምጪ፣ ከቀረው ውሃ ጋር ጭቃ ይወርዳልና። የአዳማ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ተስቦ ተጣርቶ የሚመጣ ነው፤ መስመር ቆይቶ ሲለቀቅ፣ ከሮቶ ሥር ሲመጣም፣ ይዞ የሚገባው ደለል ማረፊያው የቦይለሩ ሆድ ነው። ሪዚስታንሱ ላይ የተጋገረው ነጭ ድንጋይ ሌላ ነው፤ እሱ ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው። እዚህ አካባቢ ነገር ሁሉ በፍሎራይድ ይሳበባል፣ ፍሎራይድ ግን ጉዳቱ ለጥርስና ለአጥንት እንጂ ቦይለር የሚዘጋው እሱ አይደለም። ሪዚስታንሱ ደህና ሆኖ ድንጋይ ብቻ ከያዘው ለብ ባለ ውሃና አቼቶ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው፤ በቢላ መፋቅ ቆዳውን ይበሳዋል።

እዚያው ላይ ከሪዚስታንሱ ጎን አንድ ግራጫ ዘንግ ታያለሽ፣ ማግኒዥየም ነው። ታንከሩ እንዳይዝግ በእሱ ፈንታ የሚበላ ዕቃ ነው። ሦስት ዓመት ለሆነው ቦይለር መሃሉ ያለው ሽቦ ብቻ ቀርቶ ብታገኚው አይድነቅሽ፤ አንድ ጊዜ ከተከፈተ አብሮ ይቀየር። አብዛኛው ሠራተኛ የማይቀይረው ይኼንን ነው፣ ታንከር የሚያፈስሰውም በዚህ ነው።

የፍላንጁን ጎማ አሮጌውን መልሰሽ አትጠቀሚ። ዳዶዎቹን አንዱን ከዚህ፣ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን እያልሽ አጥብቂ። ውሃ ሙዪ፣ ከሙቁ ቧንቧ እኩል እስኪወርድ ጠብቂ፣ ፍላንጁን በደረቅ ሶፍት አብሺና አለመርጠቡን እዪ፣ ከዚያ በኋላ ነው ብሬከሩ የሚነሳው።

ቆጣሪው ቦይለሩ እየበላ ነው ካለሽስ? ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው የኤሌክትሪክ መውረድ ነው። ምሽት ላይ 220 ወደ 180 ቮልት ሲወርድ 1500 ዋት የነበረው 1000 ዋት ብቻ ይሰጣል፣ አንድ ሰዓት ተኩል የነበረው ከሁለት ሰዓት በላይ ይሆናል። ብልጭታውም ከ40 ወደ 27 ይወርዳል፣ በዚያ ታውቂዋለሽ። ሁለተኛው በአንድ እጀታ ሙቅና ቀዝቃዛ የሚያቀላቅል ቧንቧ ውስጡ ሲያልቅ ነው፤ ቀዝቃዛው ወደ ሙቁ መስመር ያልፋል። ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ዝጊና ሙቁን ክፈቺ፤ ጥቂት ጠብቆ መቆም አለበት። መፍሰሱን ከቀጠለ ጥፋቱ ቧንቧው ጋ ነው፣ ቦይለሩን ተዪው።

ዕቃ ልትገዢ ስትሄጂ አሮጌውን ሪዚስታንስ በእጅሽ ያዢ። የፍላንጁ ስፋት፣ የቡሎኑ ብዛት፣ የቴርሞስታቱ ዘንግ የሚገባበት ቱቦ አብሮት መኖር አለመኖሩ ከቦይለር ቦይለር ይለያያል፣ በቃል ተናግረሽ የሚሰጡሽ አይገጥምም። «2000 ዋት ውሰጂ፣ ቶሎ ያሞቃል» ቢሉሽ 9 አምፔር እንደሚጎትት አስቢ፤ ሽቦው 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ካልሆነና ማብሪያው ለዚያ ካልተሠራ በ1500 ጸንተሽ ቆዪ። ቴርሞስታቱን 60 ላይ አድርጊው። በአዳማ ሙቀት 75 ዲግሪ ውሃ ለማን ነው? ድንጋዩም የሚጋገረው ውሃው በጋለ ቁጥር ነው።

ቁልፏ ዘለለች አልዘለለች፣ ሪዚስታንሱ ስንት ኦም እንዳነበበ እዚሁ ጻፊልን።