ውሃ የሚጠጣው ድንጋይ፦ ስለ ወሎ ኦፓል የጠየቃችሁኝ

«ስለ ኦፓል ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ ላኩልኝ» ብዬ ነበር። ኦፓል ያ በብዙ ቀለም የሚብለጨለጨው የከበረ ድንጋይ ነው። አሥር አሥራ አምስት ይመጣል ብዬ ነው፤ እናንተ ግን አጥለቀለቃችሁኝ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ «ስንት ትገዛኛለህ?» የሚሉትን ትቼ፣ የቀሩትን እመልሳለሁ። ጂኦሎጂስት አይደለሁም። ድንጋይ የምሞርድና የምሰበስብ ሰው ነኝ፤ የማውቀውንም አብዛኛውን የተማርኩት ገንዘብ ከስሬ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ያ ሁሉ ቀለም ከየት መጣ? ተቀብቶ ነው የሚሉ አሉ። (ከደሴ)

መልስ፦ የተቀባም አለ፣ እመለስበታለሁ። ደህናው ኦፓል ግን አልተቀባም። የሚገርመው፣ በውስጡም ቀለም የሚባል ነገር የለውም። ኦፓል ሲሊካና ውሃ ነው። ሲሊካ ያው አሸዋና መስታወት የሚሠራበት ነገር ነው። ሲሊካው ጥቃቅን ድቡልቡል ሆኖ ይደረደራል፤ ሳጥን ውስጥ በወግ እንደተደረደረ ብርቱካን፣ ግን በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ አይታይም። ድርድሩ ወጥ ሲሆን ብርሃን በመሃሉ ሲያልፍ በየቀለሙ ይለያያል። ድንጋዩን ስታዞሪው ብልጭታው ቦታ የሚቀያይረው ለዚህ ነው። ትናንሾቹ ድቡልቡሎች ሰማያዊ ይሰጣሉ። ቀይ እንዲወጣ ተለቅ ማለት አለባቸው፤ ወደ 300 ናኖሜትር ገደማ (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። ስለዚህ ቀይ ያለው ድንጋይ ሰማያዊም አረንጓዴም ሊያሳይሽ ይችላል፤ ሰማያዊ ብቻ ያለው ግን ቀይ አያወጣም። ድርድሩ የተዘበራረቀው ደግሞ ብልጭታ የሌለው ተራ ኦፓል ነው። ከመሬት የሚወጣው አብዛኛው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ ኦፓል ይሰነጠቃል ይባላል። እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ስሙን ያጠፋው የመዘዞው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሰሜን ሸዋ፣ ከመዘዞ አካባቢ፣ እንደ ድንች ድብልብል ባለ ድንጋይ ውስጥ የተቀመጠ ቡናማ ኦፓል ገበያ ወጣ። ያምር ነበር። ግን ብዙው ሲደርቅ ተሰነጠቀ። ውጭ አገር ያሉ ገዢዎች አንዴ ተቃጠሉ፣ ከዚያ «የኢትዮጵያ» ሲባል መሸሽ ጀመሩ።

በ2008 ወሎ፣ ደላንታ ውስጥ፣ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ነጭ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ ማር የመሰለም አለ። ጥንካሬውም አይገናኝም። በ2010 የታተመ ጥናት ላይ ድንጋዮቹን ከ1.5 ሜትር ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ጥለዋቸው ምንም አልሆኑም። አንተ ግን አትሞክረው። ከወገል ጤናውም የሚሰነጠቅ አይጠፋም፤ ደርቆ ጥቂት ወር የቆየ ድንጋይ ግዛ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሻጩ ድንጋዮቹን ውሃ በሞላ ብልቃጥ ውስጥ ነው ያሳየኝ። በጣም ያበራሉ። ልግዛ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቆይ። ይህን ጥያቄ ሰባት ሰው ልኮታል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። በውስጡ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ሞልቷል። ደረቁን ድንጋይ ሲኒ ውስጥ ውሃ አድርገህ ጨምረውና ጎንበስ ብለህ እየው። ከጎኑ ቅንጣት የአየር አረፋ ሽቅብ መውጣት ይጀምራል፤ ውሃው ሲገባ አየሩ ቦታ እየለቀቀ ነው። ነጩ ድንጋይ ቀስ በቀስ እንደ መስታወት ይሆናል። አንዳንዱ ብልጭታው ጭራሽ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ይብስበታል። ስታወጣው ወደ ቀድሞው መልኩ ለመመለስ ሰዓታት፣ ትልቅ ከሆነ ቀናት ይፈጅበታል።

አሁን ወደ ብልቃጡ እንምጣ። ውሃ ሦስት ነገር ይሠራልሃል። ስንጥቅ ይደብቃል፤ ውሃ የሞላው ስንጥቅ አይታይም። የድንጋዩን እውነተኛ መልክ ይቀይራል፤ ቤትህ ሲደርቅ ሌላ ድንጋይ ይሆንብሃል። ሦስተኛው የሚያናድደኝ ነው፤ የጠጣው ውሃ ክብደቱን እስከ አንድ አሥረኛ ገደማ ይጨምራል። በግራም እየገዛህ ከሆነ የውሃም እየከፈልክ ነው።

እኔ ራሴ በዚህ ተሸውጃለሁ። የመጀመሪያ «ትልቅ» ግዢዬ 22 ግራም የሚመዝን፣ አረንጓዴና ብርቱካናማ የሚተፋ ጥሬ፣ ማለትም ያልተሞረደ ድንጋይ ነበር። ከብልቃጡ አውጥቶ በሶፍት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቤቴ ገብቼ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። በአራተኛው ቀን 20 ግራም ከትንሽ ሆነ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍም እንደ ሸረሪት ድር ተተለተለ። ሻጩ ጋ ስደውል «የኔ ወንድም፣ ድንጋይ እኮ ነው» አለኝ። ድንጋዩን እስካሁን አልጣልኩትም፤ ሚዛኔ አጠገብ ነው የማስቀምጠው።

ስለዚህ ደረቁን አሳየኝ በል። እምቢ ካለ ተወው። አንዲት ቀላል ዘዴም አለች፤ ደረቅ የወሎ ኦፓል የምላስህን ጫፍ ሲነካ ጣበቅ ይላል፣ ምራቅህን እየመጠጠ ነው። ውሃ የጠገበው አይጣበቅም። በእርግጥ ጥሬውን አጥበህ ነው፤ አፈር አትላስ።

ጥያቄ፦ ጥቁር ኦፓል በርካሽ አገኘሁ። ትክክለኛ ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ በርካሽ ከሆነ ጢስ ጠጥቷል ብለሽ ጀምሪ። ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ጢስም ይጠጣል። ነጩን ኦፓል ጠቅልለው ጢስ ውስጥ ያሞቁታል፣ ጥላሸቱ በቀዳዳዎቹ ይገባል። ጥቁር መደብ ላይ ብልጭታው ይጎላል። በስኳርና በአሲድ የሚያጠቁሩም አሉ። ደማቅ ሮዝ፣ ሐምራዊ ወይም የእስክሪብቶ ሰማያዊ መደብ ያለው ደግሞ ቀለም የተነከረ ነው።

ለማየት ባለ 10 እጥፍ ማጉያ ያዢ። የታጠነው ጥቁሩ በየጉድጓዱና በየስንጥቁ ላይ ይጠራቀማል፤ ጫፉ ከተፈረፈረ ደግሞ ከሥሩ ፈዘዝ ያለ ሆኖ ይታያል። የተፈጥሮ ጥቁር በአገራችንም አለ፤ በ2013 ጋሸና አካባቢ ስታይሽ ላይ ተገኝቷል። ግን ትንሽ ነው፣ ባለቤቱም ዋጋውን ያውቃል። የታጠነውን መግዛት ነውር የለውም፣ ያምራል። ነውሩ የታጠነ መሆኑን ደብቆ መሸጥ ነው።

ጥያቄ፦ ዋጋው በምን ይተመናል? (ብዙዎቻችሁ)

መልስ፦ በካራት ነው፤ አንድ ግራም አምስት ካራት ነው። የተሞረደ የወሎ ኦፓል በካራት ከጥቂት ዶላር ይጀምርና በመቶዎች ውስጥ ይገባል። እኔ መጀመሪያ የማየው ድምቀቱን ነው። ሱቅ ውስጥ በአምፖል ሥር ሁሉም ያበራል፤ ድንጋዩን ይዘህ ጥላ ውስጥ ግባ። እዚያም የሚናገር ከሆነ ድንጋይ ነው። ቀጥሎ ቀለም፤ ቀይ ከፊት ነው። ከዚያ የብልጭታው ቅርጽ። ወሎ ላይ የንብ እንጀራ የመሰለና ጣት ጣት እያለ ወደ ውስጥ የሚወርድ አለ፤ ሰብሳቢ እሱን ሲያይ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስንጥቅና አሸዋ ዋጋ ይቀንሳሉ። ጥሬ ስትገዛ ደግሞ ሲሞረድ ከግማሽ በላይ ብናኝ ሆኖ እንደሚቀር አስላ።

ጥያቄ፦ ልጄ ከአዲስ አበባ የኦፓል ቀለበት ላከችልኝ። የምኖረው ሪያድ ነው፤ ሙቀቱ ይጎዳዋል? ወጥ ስሠራ ላውልቀው? (ከሪያድ)

መልስ፦ እናቴ፣ ሙቀቱ ብቻውን ብዙ አያሳስብዎ። የሚጎዳው ድንገተኛው ለውጥ ነው፤ ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ ትተውት፣ ወዲያው ኤሲ ሥር መግባት ዓይነት። ወጥ ሲሠሩ ግን ያውልቁት! ዘይትና ቅቤ ይጠጣል። ውሃ ይተናል፣ ቅቤ ግን አይወጣም፤ ድንጋዩ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። እርድም ያው ነው። እንሶስላ ሲሞቁማ ቀለበቱ ሌላ ክፍል ይሁን። ሽቶና ሎሽን መጀመሪያ፣ ቀለበት በመጨረሻ። ሲያጸዱት ለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። ድንገት ውሃ ነክቶት ብልጭታው ከጠፋ አይደንግጡ፣ በፀጉር ማድረቂያም አይንኩት። ጥላ ውስጥ ይተዉት፣ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ኦፓል ገደ ቢስ ነው? (ከሃይፋ)

መልስ፦ አይደለም። ወሬው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የገነነ ነው። በዚያው ዘመን ንግሥት ቪክቶሪያ ለልጆቿ ኦፓል ትሸልም ነበር።

ጥያቄ፦ መሞረድ መማር እፈልጋለሁ። ምን ልጠንቀቅ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሳንባህን። የሲሊካ ብናኝ ነው፣ ገብቶ አይወጣም። ጥሩ ማስክ አድርግ፤ ነጠላ አፍህ ላይ መጠምጠም ማስክ አይደለም። ውሃ እያንጠባጠብክ ስትሞርድ ብናኙ ይቀንሳል፣ ግን ድንጋዩ ውሃውን ጠጥቶ ብልጭታው ይጠፋብሃል። ዓይንህን ጨፍነህ እንደመሥራት ነው። ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት ደረቁን ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሳ፣ ብልጭታው የሚያምርበት ፊቱ የት እንደሆነ ምልክት አድርግ።

ጥያቄ፦ ትንሽ ገንዘብ አለኝ። ስብስብ በምን ልጀምር? (ከአዳማ)

መልስ፦ በሦስት ትናንሽ ድንጋዮች፦ አንድ ከመዘዞ፣ አንድ ከወገል ጤና፣ አንድ ከስታይሽ። የመዘዞው ቢሰነጠቅም ይሁን፤ የሱ ታሪክ ስንጥቁ ነው። ለእያንዳንዱ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደገዛሽና ደረቅ ክብደቱን ጻፊበት። ወረቀት የሌለው ድንጋይ ከአሥር ዓመት በኋላ ድንጋይ ብቻ ነው። ትርፍ ብለሽ ከሆነ ግን ተይው። ኦፓል እንደ ወርቅ በዕለቱ ዋጋ አይሸጥም፤ የሚወደውን ሰው እስክታገኚ መጠበቅ ነው። የሻኪሶ ኤመራልድንም (አረንጓዴውን የከበረ ድንጋይ) ጠይቀሻል፤ እሱ ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ አያቴ የደላንታ ሰው ነበሩ። ቦታውን አይተኸዋል? (ስሜን አትጥቀስ ያለች)

መልስ፦ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። ከላይ ሜዳ ነው፤ ገብስና ስንዴ፣ ብርድ። ከዚያ መሬቱ ድንገት ያበቃል። ኦፓሉ ያለው ገደሉ ወገብ ላይ፣ ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው። ወጣቶቹ በቀጭን መንገድ ወርደው፣ በመዶሻና በመሮ ገደሉን ይሰረስራሉ። ጉድጓዱ ሲገባ እያጠበበ ይሄዳል። ይናዳል፤ ከገደሉ የሚወድቅም አለ። እኔ ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቴ ከዳኝና ተቀመጥኩ። ከሥር አንድ ልጅ ብቅ አለ፤ ፊቱ አቧራ ለብሷል፣ የእጅ ባትሪ ግንባሩ ላይ በላስቲክ ታስሯል። ከኪሱ ጥፍር የምታክል አወጣ። «ደረቅ ናት» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። ምላሱ ጫፍ ላይ አስቀመጣትና እጁን ለቀቀ። ተጣብቃ ቀረች። የጠራውን ዋጋ ከፈልኩ፣ አልተከራከርኩትም።